የክቡር ጋሽ ለይኩን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ ይህ ሰው አለ። የማታውቁት ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው "እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ" ብሎ ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ እኔም ከአግዳሚው ላይ ግማሽ አካሌን ሳነሣ፣ ከኋላ በኩል አንድ ቀጭን እጅ ብድግ ይላል። "ሥነ ሥርዓት!" በቃ፣ አለቀ ያላችሁት ስብሰባ ገና መጀመሩ ነው። ዕድር በሉ፣ የወላጆች ኮሚቴ በሉ፣ የባልና ሚስት ሽምግልና በሉ፣ ይህ ሰው የማይገኝበት ቦታ የለም። ሞቶ ከሣጥኑ ውስጥ እጁን ቢያወጣ እንኳ የሚደነግጥ ያለ አይመስለኝም።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ለይኩን ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ከሸዋ ወደ ጅማ የመጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ታቅፈው ከዳኛ ዳኛ ሲመላለሱ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይፈርዱ ጡረታ ወጡ። ያ ሁሉ ያልፈረዱት ፍርድ ሆዳቸው ውስጥ ተጠራቅሞ መሆን አለበት፣ ከጡረታ በኋላ ሰላም የነሣን። ከፍርድ ቤት ይዘዋት የወጡት አንዲት ሐሳብ ብቻ ነበረች፦ "ሕግ የሚያወጣ አያስፈጽምም፣ የሚያስፈጽም አይፈርድም፣ የሚፈርድ አያወጣም።" ይህችን ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ይሏታል። አውቶቡስ ተራ ቆመው ይሏታል። እኔ ሂርማታ ገበያ ውስጥ የድስትና የማንቆርቆሪያ ሱቅ ነበረኝ፤ ድስት ሊገዙ መጥተውም ይሏታል።

"ቲጃኒ፣ ዋጋውን ያወጣኸው አንተ፣ የምትሸጠው አንተ፣ ቀንስልኝ ስልህ አይሆንም ብለህ የምትፈርደውም አንተ። ሦስቱንም ጠቅልለህ ይዘሃል እኮ።"

"ጋሽ ለይኩን፣ ሱቁም የኔ ነው።"

"ንጉሡም እንደዚያ ነበር የሚሉት።"

ወላሂ፣ ድስቱን በነጻ ሰጥቼ ባሰናብታቸው በተሻለኝ ነበር።

በቤታቸው ግን ሥልጣን በደንብ ተከፋፍሏል። ሚስታቸው እትዬ ቆንጂት ሕግ ያወጣሉ፤ ጋሽ ለይኩን ያስፈጽማሉ። ዳኛው ማን መሰላችሁ? እኔ። አጥራችን አንድ ስለሆነ ከዚህ ዕጣ ማምለጫ አልነበረኝም። ምሳዬን ልቀምስ ስል ከአጥሩ ማዶ "ቲጃኒ፣ ችሎት ተሰይሟል፣ ና" ይሉኛል። ሄጄ እቀመጣለሁ። ክሱ ለምሳሌ እንዲህ ነው፦ እትዬ ቆንጂት በክረምት በጭቃ ጫማ ምንጣፍ መርገጥ ክልክል ነው ብለው ደንግገዋል፤ ባላቸው ረግጠዋል። ጋሽ ለይኩን ምንጣፉ ላይ የታተመውን የገዛ ጫማቸውን ዱካ በጣታቸው እያሳዩ፣ "የረገጥኩት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ይሁን በኋላ ይጣራልኝ" ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ ለእትዬ ቆንጂት እፈርዳለሁ፤ ሽሮው የሚመጣው ከሳቸው በኩል ነዋ። ጋሽ ለይኩን ወዲያው ይግባኝ ይጠይቃሉ። ይግባኝ ሰሚዋ የኔ ሚስት ረሺዳ ናት። እሷም ከማድ ቤቷ ሳትወጣ፣ ምን እንደተባለም ሳትሰማ፣ "ጸድቋል" ትላለች። ጋሽ ለይኩን ይኼኔ ደስ ይላቸዋል። መሸነፋቸው ግድ አልነበራቸውም፤ በሥርዓት ይሸነፉ እንጂ።

በዕድራችን የሠሩትን ግን ለረጅም ጊዜ ይቅር አላልኳቸውም። ዕድራችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ የዕቃ ቤት፣ አንድ ቁልፍ። ቁልፉ ዱሮ የዕድሩ ዋና ዳኛ ኪስ ውስጥ ነበር። ድንኳኑ ይውጣ የሚለው እሱ፣ የሚያወጣው እሱ፣ በዘመዱ ሠርግ ላይ ተቀዶ ሲመለስም "ምንም አልሆነም" ብሎ ራሱን የሚምረው እሱ። ጋሽ ለይኩን እጃቸውን አነሡ። ከረጅም ክርክር በኋላ ነገሩ ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ቁልፉን ይይዛል፣ ሦስተኛው ዕቃ ከጠፋ ይዳኛል። እሰየው ተባለ። ክረምት ላይ የጎረቤታችን እናት ሞቱ። ባለ ቁልፉ በቾ ቦሬ ሰፈር ሄዷል። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሟል። እኔ ጢሜ እየተንጠባጠበ፣ "ጋሽ ለይኩን፣ በሩን ሰብረን እናውጣው" አልኳቸው።

"ማን ያዘዘው?" አሉኝ።

ባለ ቁልፉ እስኪመጣ ራስን። ልቤ እንዴት እንዳረረ አትጠይቁኝ። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከድንኳኑ አንድ ካስማ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ግን ለሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጎሳዬ ይባል ነበር። የቀበሌያችንን ቁጥር አልናገርም፤ ሰውየውም የልጅ አባት ነው። በልጅነቱ ጎበዝ በረኛ ነበር፤ ችግሩ ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ ያየውን ሁሉ መያዝ ይወዳል። ጠዋት መመሪያ ያወጣል፣ ቀን ላይ በአብዮት ጥበቃዎቹ ያስፈጽማል። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ደግሞ ሦስት የተመረጡ ዳኞች ነበሩት፤ አንዱ ሞቱ፣ አንዱ ወደ አጋሮ ተዛወሩ፣ ሦስተኛውን ወገብ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ሌላ አልተመረጠም። ጓድ ጎሳዬ "ለጊዜው" ብሎ የመሐል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያ ለጊዜው ዓመት አለፈው።

በ1978 ክረምት ይህ ነገር ጠይባ ላይ ወደቀ። ጠይባ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ከልጇ ጋር በአንዲት የቀበሌ ክፍል ትኖራለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ በሯ ግን ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታል። ወንድሟ ሊሙ ገነት ቡና አለው። ለባሏ የሙት ዓመት ሶደቃ የሚሆን ግማሽ ኬሻ ቡና አመጣላት። በዚያ ዘመን ቡና ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ክልክል ነበር፤ የቡና አገር ሰዎች ሆነን፣ ኬላ ላይ ስንፈተሽ ቡና የያዘ ሰው ሽጉጥ የያዘ ያህል ይንቀጠቀጣል። ጓድ ጎሳዬ ራሱ መጥቶ ፈተሸ፣ ራሱ አገኘው፣ "ሕገ ወጥ ክምችት" ብሎ ራሱ ከሰሳት። ሐሙስ ሊፈርድባት ቀጠራት። ፍርዱ ክፍሏን ማስለቀቅ እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ ምክንያቱም የጓድ ጎሳዬ እህት የልብስ ስፌት ልትከፍት ወደ መንገድ የሚከፈት ክፍል ስትፈልግ ቆይታለች።

ጠይባ ሱቄ መጥታ ድስቶቹ መካከል ተቀመጠች። "ያ ቲጃኒ፣ ወንድሜ ቤት የሱ ስምንት ልጆች አሉ። እኔ ከነልጄ የት እገባለሁ?" አለች። "አላህ ያውቃል" አልኳት፤ ሰው ምንም ማድረግ ሳይችል ሲቀር የሚለው ነው።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ስብሰባ ተጠራን። የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌው ለሕዝብ ውይይት የቀረበበት ጊዜ ነው። የቀረ ሰው የስኳር ኩፖኑ ይያዝበታል ስለተባለ፣ ለሕገ መንግሥቱ ጉጉት ያለን ሁሉ በጊዜ ተገኘን። ከአውራጃ አንድ ወጣት ካድሬ መጥቷል። ምዕራፍ ይነበባል፤ ጓድ ጎሳዬ ቀድሞ ያጨበጭባል፤ እኛ እንከተላለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ግማሹ አይሰማም፣ ጭብጨባው ግን አይቀርም። ስለ ብሔራዊ ሸንጎው ተነበበ፣ አጨበጨብን። ስለ ፕሬዚዳንቱ ተነበበ፣ አጨበጨብን። እኔ ለስኳሬ ስል አንዱን ዓይኔን ከፍቼ ሌላውን አስተኝቼዋለሁ። ስለ ፍርድ ቤቶች ተነበበ፤ ዳኞች በሥራቸው ነጻ ናቸው፣ የሚመሩት በሕግ ብቻ ነው የሚል ነገር። ጓድ ጎሳዬ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

"ሥነ ሥርዓት!"

አዳራሹ በአንድነት አቃሰተ። እትዬ ቆንጂት የባላቸውን ኮት ጨምድደው ወደ ታች ሳቡ። ጋሽ ለይኩን ኮታቸውን አስለቅቀው ተነሡ።

"ተቃውሞ ነው?" አለ ካድሬው።

"ድጋፍ ነው፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ እንዲጣራልኝ ነው። ጓድ ሊቀመንበር ያጨበጨቡት ይህን ክፍል ደግፈው ነው ወይስ እጃቸውን በርዷቸው?"

ሰው ሳቀ። ጓድ ጎሳዬ ቆጣ አለ። "ደግፌ ነው እንጂ!"

"በሙሉ ልብ?"

"በሙሉ ልብ ነዋ! ምን ማለትዎ ነው?"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ሐሙስ የጠይባን ጉዳይ ማን ሊያየው ነው?"

ሳቁ ቆመ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሁለቱም ዓይኖቼ ተከፈቱ። ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ ተወስዶ የቀረ ሰው የማያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ቆንጂት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ምን ጉዳይ ነው?" አለ ካድሬው።

ጋሽ ለይኩን መዝገብ የሚያነቡ ያህል ቀስ ብለው አስረዱ። "ቡናውን የፈተሹት ጓድ ሊቀመንበር ናቸው። የከሰሱትም እሳቸው ናቸው። ምስክሩም እሳቸው ናቸው። ዳኛውም እሳቸው ከሆኑ የቀረው የተከሳሿ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም ደርበው ቢይዙት ጠይባ ቤቷ ታርፍ ነበር። አሁን ግን ዳኛ ነጻ ይሁን ብለው በሙሉ ልብ አጨብጭበዋል። ሁላችንም አይተናል። እኔም የምለው እንደ ጭብጨባቸው ይደረግ ነው።"

ካድሬው ጓድ ጎሳዬን አየው። ጓድ ጎሳዬ የገዛ እጆቹን አየ። ካድሬው በአውራጃው ዘንድ የሚጠበቅበት "ረቂቁ በሙሉ ድጋፍ ተቀባይነት አገኘ" ብሎ መመለስ ነው፤ አንድ ሊቀመንበር አጨብጭቦ ሸሸ ብሎ ማውራት አልፈለገም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "የሕዝቡ ግንዛቤ ከፍተኛ ነው። የጎደሉት ዳኞች አሁኑኑ ይመረጡ" አለ።

አዳራሹ ባንድ አፍ "ጋሽ ለይኩን!" አለ። የጠይባ ፊት ሲበራ አየሁ። እኔም እፎይ ልል ነበር።

"አልችልም" አሉ ጋሽ ለይኩን። "ተከራክሬላታለሁ። ለሷ ቆሜ ከተናገርኩ በኋላ ተመልሼ ብፈርድላት፣ እኔም ጎሳዬን ሆንኩ ማለት ነው።"

ጉድ ፈላ። ሴቶቹ ተንጫጩ። ረሺዳ፣ በአንቱታ የምታከብራቸው ረሺዳ፣ "ይህ ሰውዬ ምን ነካው?" አለች። ጠይባ ተነሥታ፣ "ጋሽ ለይኩን፣ ምነው? አውጥተው አውጥተው ልክ ሊሆን ሲል ይለቁኛል?" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠላኋቸው። ሽማግሌው ሕጋቸውን ይዘው ቀርተው ሴትየዋን ከነልጇ መንገድ ላይ ሊጥሏት ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን እንደገና አነሡ።

"ቲጃኒን እጠቁማለሁ። የብዙ ዓመት ልምድ አለው።"

የኔ ልምድ የእትዬ ቆንጂት ምንጣፍ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት የሰፈሩ እጅ በሙሉ ተነሥቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጨመሩልኝ፣ ነርሷ ሸዋረገጥና አናጢው ጅብሪል። የመሐል ወንበሩን ሁለቱም አንፈልግም ስላሉ እሱም ለኔ ደረሰ።

እስከ ሐሙስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ረሺዳ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችኝና "ቢስሚላህ ብለህ ግባ" አለችኝ። ስገባ ጓድ ጎሳዬ ቀድሞኝ የመሐል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶውንም አውጥቷል። ጠይባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ጋሽ ለይኩን የሉም። ፊታቸውን ካየን ሐሳባችንን እንዳይጫኑት ብለው ውጭ ቀርተዋል። በመስኮቱ የጥቁር ጃንጥላቸው ጫፍ ብቻ ይታያል።

"በል ቲጃኒ፣ ተቀመጥ፤ ቶሎ እንጨርሰው" አለ ጓድ ጎሳዬ፣ የዳር ወንበሩን እየጠቆመኝ።

ልቀመጥ ነበር። ወላሂ ጉልበቴ ታጥፎ ነበር። ከዚያ ከአፌ ምን እንደወጣ ብታውቁ፦

"ሥነ ሥርዓት።"

ድምፄ ቀጭን ነበር። ግን ተሰማ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሳሽ የሚቆመው ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከተከሳሿ ጎን ነው" አልኩ።

ብዙ አየኝ። ሱቄን፣ ልጆቼን፣ ስኳሬን ሁሉ አየኝ። ሸዋረገጥ "ወንበሩን ይልቀቁለት እንጂ" አለች፣ በሽተኛ ልብሱን አውልቅ የምትልበት ድምፅ ነው። ጅብሪልም ምንም ሳይናገር ወንበሩን ከኋላ ያዘ። ጓድ ጎሳዬ ተነሣ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሲቆም እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ጠረጴዛው አሁን የኛ ነዋ። ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው። የዱሮው በረኛ መረቡ ተወስዶበት ሜዳ መሐል የቀረ መሰለኝ፤ አሳዘነኝም።

ጠየቅነው። ቡና ስትሸጥ አይተዋል? አላየሁም። ከሷ የገዛ ሰው አለ? የለም። ሶደቃ መኖሩን ያውቃሉ? አላውቅም ሊል አልቻለም፤ ባሏ ሲሞት እሱም ለቅሶ ደርሷል። ሦስታችን ጓሮ ወጥተን ተማከርን። ያለ ፈቃድ መምጣቱ ጥፋት ነው፤ ከሶደቃው የሚተርፈው ቡና በመንግሥት ዋጋ ለመንግሥት ይሸጥ አልን። ለዚህ ጥፋት ቤት ይወሰድ የሚል ሕግ ግን ስላላሳየን፣ ጠይባ ክፍሏ ውስጥ ትኑር አልን። ጠይባ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ጓድ ጎሳዬ በሩን በኃይል አልዘጋም፣ አልተሳደበም፤ ወጥቶ ሄደ። የኔ ስኳር ግን ለረጅም ጊዜ "ገና አልደረሰም" ሲባል ቆየ።

ወደ ውጭ ስወጣ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ያቅፉኛል፣ ይስሙኛል ብዬ። ጋሽ ለይኩን ግማሽ ጎናቸው በዝናብ በስብሶ ቆመዋል።

"ከሳሹን ማስቆምህ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ተከሳሿን ግን ከዳኞቹ የምትቃወሚው አለ ወይ ብለህ አልጠየቅሃትም። ጉድለት ነው።"

ጃንጥላውን ነጥቄ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ቀና ስል ግን መነጽራቸው ጭጋግ ለብሷል፤ አውልቀው ይጠርጉታል፣ ጠርገው ሳያደርጉት ደግሞ መልሰው ይጠርጉታል። ያን ሁሉ ሰዓት ከኔ እኩል ሲፈሩ እንደቆዩ ያኔ ገባኝ።

ጠይባ ጨጨብሳ በሊሙ ማር ሠርታ ጠራችን። እኔ እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። እሳቸው አልገባም አሉ። "ከሳሽ ለከፍተኛው ፍርድ ሸንጎ ይግባኝ የሚልበት ጊዜ አላለፈም። አሁን ከበላሁ ለማር ብሎ ነው ይሉኛል።" እስኪያልፍ ድረስ በሷ በር በኩል እንኳ አልሄዱም፤ በዚያ ጭቃ መንገዱን ተሻግረው በማዶ ያልፉ ነበር። ይግባኝ ሳይጠየቅ ጊዜው አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣቸውን ይዘው በሯን አንኳኩ። "ጠይባ፣ ያ ማር ተርፏል?" አሏት። ሰሐኑን ጠርገው በሉ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰው እንደዚያ ሲበላ አላየሁም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በክረምት፣ ጋሽ ለይኩን አረፉ። ድንኳኑን ልናወጣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን። የዕድሩ ባለ ቁልፍ ያኔ ጠይባ ነበረች፤ ቁልፉ ወገቧ ላይ ታስሯል። የሚፈቅደው ሰው ግን በቾ ቦሬ ሄዷል። ዝናቡ ይወርዳል። አንዱ ጎረቤት፣ "ክፈቺው በቃ፣ ለሳቸው እኮ ነው" አላት።

ጠይባ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። "ማን ያዘዘው?" አለች።

እትዬ ቆንጂት ከቤታቸው ሆነው ሰሙና "ልክ ናት፣ ጠብቁ" አሉ። ጠበቅን። እስከ ካልሲዬ ራስኩ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቄሱ ፍትሐቱን ጨረሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን ደፉ። እኔ ከሰዉ ወደ ኋላ ቀረሁና፣ ሞኝ አትበሉኝ፣ ትንሽ ጠበቅሁ። ማንም እጁን አላነሣም። በሕይወቴ በሰዓቱ ያለቀልኝ ስብሰባ ያ ብቻ ነው፤ ወደ ቤት የሄድኩት እያለቀስኩ ነበር።